እትዬ ዘነበች ቪላ ሲቀምሱ

የእትዬ ዘነበችን ሞት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ በስልኬ ነው። ከቦንጋ ወጣ ብሎ የተሠራው የባለ ቪላዎቹ ሰፈር የራሱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ እዚያ ላይ ስማቸው ከአንድ የሚያለቅስ ፊትና ከተጋጠሙ ሁለት መዳፎች ጋር ተለጥፎ መጣ። እኔ የዚያ ሰፈር ሰው አይደለሁም። ግሩፑ ውስጥ ያስገቡኝ ራሳቸው እትዬ ዘነበች ናቸው፤ «ወሬ እንዳያመልጥሽ» ብለው። ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቁጭ ባልኩበት የእኛው የታችኛው ሰፈር የእድር ጥሩምባ ነፊ በጭቃው እየተንሸራተተ መጥቶ ደጄ ላይ ጥሩምባውን ነፋው። ያኔ ነው ያመንኩት። በስልክ የመጣው ሞት ይስተባበል ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ በጥሩምባ የመጣው ግን አለቀለት።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ ጠብ ጠበቀን። የላይኞቹ ባለ ቪላዎች ወንበር ከነነጭ ሽፋኑ አስመጥተው፣ አስተናጋጅ ቀጥረው፣ ድንኳን ወጥረው ጨርሰዋል። የእኛ እድር ሰዎች ደግሞ ድንኳንና ድስት ተሸክመው አቀበቱን በላብ ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሟች የእኛ አባል ናቸው!»

«የእኛም አባል ናቸው!»

እውነትም የሁለቱም አባል ነበሩ። ከብዙ ንትርክ በኋላ ሁለት ድንኳን ተተከለና ለቀስተኛው አንዱ ጋ እያለቀሰ ሌላው ጋ እየበላ ዋለ። እሳቸው ቢያዩት ኖሮ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው በሳቅ ይንፈቀፈቁ ነበር። ነጠላ አፍ ውስጥ መክተት ልማዳቸው ነው። የፊት ጥርሳቸው አንዷ የለችም፤ ነገር ሲሠሩ ሳቃቸው በዚያች ክፍተት እንዳያመልጥ ይሸፍኑታል። እኛም የነጠላው ጫፍ ወደ አፍ ሲሄድ ካየን፣ አንድ ሰው ሊጃጃል ነው ብለን እንዘጋጃለን።

አንዲት የማር ነጋዴ እንዴት ሁለት ሰፈር የሚጣላባቸው ሰው ሊሆኑ እንደበቁ ልንገራችሁ።

እትዬ ዘነበች ጎረቤቴ ነበሩ። በግቢያችን መሀል ያለው አጥር እንሰት ነው፤ እንሰቱ ውስጥ ደግሞ እሳቸው ወደ እኔ፣ እኔም ወደ እሳቸው የምንሾልክባት ቀዳዳ ነበረች። በዋናው በር የመጡብኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ልጄን ሊያገባ ያሰበው ልጅ ሊተዋወቀን የመጣ ዕለት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከሩቅ አገር የመጡ ዘመድ መስለው አንኳኩተው ገቡ። እኔና ባለቤቴ ልጁን ትምህርቱንና ሥራውን ስንጠይቅ እሳቸው ምንም አልጠየቁትም። ከድስቱ የወጣ ትኩስ ጎደሬ አንስተው በእጁ አስያዙትና ሲልጥ ተመለከቱት። ልጁ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያገላበጠ፣ ፊቱ እየቀላ ላጠ። ማታ በቀዳዳዋ ሾልከው መጥተው፣ «ስጡት» አሉ። «አቃጥሎት አልጣለውም። አቃጠለኝም አላለም።» ይኸው እስከ ዛሬ አብረው ናቸው።

ሥራቸው ማርና ኮረሪማ መነገድ ነበር። ለማሩ ሺሺንዳ ገበያ ድረስ ይወርዳሉ። አንዳንዴ አብሬያቸው እሄድ ነበር፤ ለመግዛት ሳይሆን ሲገዙ ለማየት። ጣታቸውን ነከር አድርገው ይልሱታል። ከዚያ ዝም። ሻጩን ትክ ብለው እያዩ ዝም። ሻጩ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይምላል፣ መጨረሻ ላይ ማንም ሳይጠይቀው የጨመረውን ስኳር ይናዘዛል።

«ለመሆኑ ይሄ ማር ንብ አይቶ ያውቃል?» ይሉታል ያን ጊዜ።

ሳይቀምሱ የሚያምኑት ነገር አልነበረም። አንዴ ጉንፋን ይዟቸው ፋርማሲ አብረን ገባን። የፋርማሲው ልጅ ሽሮፕ ሲያቀርብላቸው፣ «አንተ ቀምሰኸዋል?» አሉት።

«እማማ፣ መድኃኒት እኮ ዝም ብሎ አይቀመስም።»

«እንግዲያው ጥሩ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ልጁ እንደ ማፈር ብሎ በክዳኑ ጠብ አድርጎ ቀመሰላቸው። ሲመረው ፊቱን ሲያጨማድድ አይተው፣ «አሁን ስጠኝ። ውሸታም አይደለህም» አሉት።

እንግዲህ እኚህን ሴት ነው ልጃቸው ታምራት ወደ ቪላ ልውሰድሽ ያላቸው።

ታምራት አንድ ልጃቸው ነው። ቡና ነጋዴ ነው፤ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር የኮረሪማ ጆንያ ተሸክሞ ያደገ፣ ደህና ልጅ። ሲያገኝ ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለው፣ እኛ የታችኞቹ በቀልድ «ቦሌ» በምንለው ሰፈር መሬት ወስዶ ቤት ሠራ። እዚያ ሰፈር ኮንትራክተሩ፣ የድርጅት መኪና የሚነዳው፣ ቡና ላኪው ነው ያለው። አጥሩ ከቤቱ ይረዝማል። የእትዬ ዘነበች ቤት ደግሞ ከመንገዱ በታች ስለሆነ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ሳያንኳኳ ይገባል፤ ሽንት ቤቱም ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ጉልበታቸውም እያስቸገራቸው ነበር። ልጁ እውነቱን ነው።

አንድ ቀን ጫማው በጭቃ ተለውሶ መጣና እኔ ፊት ተናገረ።

«እማዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትኖሪው? ስምንት ክፍል ሠርቼ?»

«ሚስት የለህ። ስምንት ክፍል ውስጥ ብቻህን ድብብቆሽ ልትጫወት ነው?»

«እማዬ፣ አትቀልጂ። ለዚህ ቤት ገዢ መጥቷል።»

ገዢው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ቦታው ለመንገድ ስለሚቀርብ ፎቅ ሊሠራበት ይፈልጋል፤ እስከ ፋሲካ መልስ ካልተሰጠው ሌላ ቦታ ይገዛል። ቤቱ ከተሸጠ መመለሻ የለም። ሊሞክሩትና ካልተስማማቸው ሊመጡ አይችሉም፤ የሚመጡበት ቤት ፎቅ ይሆናል። ልጁንም እምቢ ቢሉት ቀላል አልነበረም። ጭቃውን ከጫማው እየጠረገ፣ ሳያያቸው፣ «ካልመጣሽማ ቤቱን ለማን ሠራሁት?» አለ። እትዬ ዘነበች ለዚህ ቀልድ አልነበራቸውም።

«ቤቱን እቀምሰዋለሁ» አሉት። «ሁዳዴን በእንግድነት እይዛለሁ። ከፋሲካ በፊት መልስ ታገኛለህ።»

ታምራት ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ፤ እሳቸው የቀመሱት ማር ስንቱ እንደወደቀ አውቃለሁና።

በሄዱ በሳምንቱ በባጃጅ ወጣሁ። መንገዱ ኮብል ተነጥፎበታል፤ ሰው ግን የለም። በግራም በቀኝም የብረት በር፣ አጥሩ ላይ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ የጣሪያ ጫፍ። ከየትም ቤት ጭስ አይወጣም፣ ልጅ አይጮኽም። ባጃጁ ሲያወርደኝ በሹክሹክታ ነው ሒሳቡን የነገረኝ፤ ሰፈሩ እንደዚያ ያደርጋል።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠብቀው እጄን ይዘው በቀጥታ የወሰዱኝ መታጠቢያ ቤት ነው።

«እጅሽን አምጪ። አምጪ እንጂ!»

ቧንቧውን ከፈቱት። ትኩስ ውሃ።

«ብዙዬ፣ ማንም እንጨት አልፈለጠለት፣ ማንም አላነደደለት። እንዲሁ ይሞቃል! ጠዋት እታጠባለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ ሳልቆሽሽ እታጠባለሁ።»

ዓይናቸው እንደ ልጅ ያበራል። ልቤ ወረደ። ከዚያ ግን ወደ ጓሮ ወስደው የተከረከመውን ሣር ሲያሳዩኝ ተስፋዬ ተመለሰ።

«ይሄን ሁሉ ሣር ያጠጡታል፣ ያጭዱታል፣ ይጥሉታል። ታምራትን ምነው በግ የለህ ብለው፣ ለማየት ነው አለኝ። ሣር! ቦንጋ ውስጥ! ሣር ማየት ያማረው ሰው ቀና ማለት ብቻ አይበቃውም?»

«ጎረቤትስ?» አልኳቸው።

«ጎረቤትማ አለ ይላሉ። አላየሁትም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብዙዬ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ኡኡ ልበልና ማን እንደሚወጣ እንይ?»

«እትዬ ዘነበች፣ በእግዚአብሔር! ፖሊስ ነው የሚመጣው።»

«እሱ አለ።» አሰቡ። የነጠላው ጫፍ ወደ አፋቸው ሄደ። «እንግዲያው ወንፊት እንለምናቸው።»

እኛ ሰፈር ወንፊት መዋዋስ እንደ ደህና አደርሽ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ በር አንኳኳን። ዘበኛ በትንሿ መስኮት ብቅ አለ።

«ማንን ፈለጋችሁ?»

«የቤቱን እመቤት። ወንፊት ልዋስ ነው፤ ጎረቤት ነኝ።»

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«ከወንፊቱ ጋር?»

ሰውዬው ሳያስበው ሳቀና ገባ። ብዙ ቆይቶ በፕላስቲክ የታሸገ ዱቄት ይዞ ወጣ። «ወንፊት የለንም፤ የተነፋ ዱቄት ግን አለ፣ ስጣቸው ብለዋል።» በሩ ተዘጋ።

እኔ በንዴት ፊቴ ጋለ። ለማኝ መሰልናቸው ነው የገባኝ። እትዬ ዘነበች ግን ዱቄቱን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ በሳቅ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ በዚያ ዱቄት ዳቦ ጋገሩ። እዚያው አድሬ ነበርና እኔን ወደ ታች ልከው የራሳቸውን አሮጌ ወንፊት አስመጡ። ዳቦውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ወንፊቱ ላይ አስቀመጡና በሩን አንኳኩ። በዚህ ጊዜ እመቤቲቱ ራሷ ወጣች። ወይዘሮ ሰብለ ትባላለች፤ የኮንትራክተሩ ሚስት ነች፤ ጥፍሯ የተቀባ፣ አነጋገሯ ለስላሳ።

«ትላንት ደግ አድርገሽልኝ ነበር፤ ይኸው ዳቦሽ» አሏት። «ወንፊትም የለንም ስላልሽ አመጣሁልሽ። ለመሆኑ የየት ልጅ ነሽ?»

«የዋጫ ነኝ።»

«ጎሽ። ሥራሽን ስትጨርሺ ወንፊቴን ትመልሺልኛለሽ።»

መንገድ ላይ፣ «ምን ሊሆን ነው ይሄ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወይ አለማወቅሽ! የዋጫ ልጅ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አትመልስም። ዛሬ ቁጭ ብላ ታስባለች። ምን ላድርግበት እያለች ጓዳዋን ትዞራለች። ትዙር።»

እንዳሉትም ሆነ። ወይዘሮ ሰብለ ሁለት ቀን ዞራ ወንፊቱን ሙዝ ሞልታ መለሰችው፤ ራሷ ይዛው መጥታ። እትዬ ዘነበች ሙዙን አውርደው ንፍሮ አደረጉበትና ለሚቀጥለው ቤት ላኩት። ያም ቤት ባዶውን መመለስ አፈረ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሮጌው ወንፊት ቦሌን ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። አንዱ ቤት የውጭ አገር ብስኩት ጫኑበት፤ አንዱ ብቻውን የሚኖር የድርጅት ሠራተኛ ሌላ ነገር ቢያጣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አደረገበት፤ አንዱ ቤት የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ልመና መስሏቸው ብር ጥለውበት ላኩ። ይሄን ጊዜማ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሊውጡት ደረሱ። ብሩን ይዘው ሄደው፣ «ቤተ ክርስቲያን አይደለሁም፤ ዘነበች ነኝ» ብለው መለሱ። የቤቱ እመቤት በሃፍረት፣ «ይግቡ፣ ይግቡ» ስትል ገብተው እስከ ምሳ ቆዩ።

ዘበኞቹ መጀመሪያ ወንፊቱን በጥርጣሬ ነበር የሚቀበሉት። በኋላ፣ «ዛሬ ወንፊቱ የት ነው ያለው?» እየተባባሉ መጠያየቅ ጀመሩ። ለዓመታት ፊት ለፊት የኖሩ ሴቶች ስም ለስም ተዋወቁ። የቴሌግራሙ ግሩፕ የተከፈተውም ያኔ ነው፤ ወንፊቱ የት እንደደረሰ ለመነጋገር።

እኔስ? እኔ ቅናት ያዘኝ። ፈተናውን ይወድቃሉ ብዬ የጠበቅኳቸው ሰዎች በአንድ አሮጌ ወንፊት እያለፉ ሄዱ። በሄድኩ ቁጥር ሳሎኑ ውስጥ አንዲት አዲስ ሴት አገኛለሁ፤ «ብዙነሽ ትባላለች፣ የታች ጎረቤቴ ናት» ብለው ያስተዋውቁኛል። የታች ጎረቤቴ! እንሰቱ መሀል ያለችው ቀዳዳ በቅጠል እየተሸፈነች ነበር፤ የሚሾልክባት ስለጠፋ።

«ወሰኑ?» እላቸዋለሁ።

«ገና። ሴቶቹስ ደህና ናቸው። ቤቱ ግን አልገባኝም» ይሉኛል።

ቤቱ የገባቸው እኔ ባለሁበት ቀን ነው። ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ለእራት ቆየሁ። እራት የሚቀርበው ገና ሊመሽ ሲል ነው። ያ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ፣ ሠርግ የሚያስተናግደው፣ ጫፉ ላይ ለሦስታችን ተዘጋጀ። ታምራት ሁለት ጉርሻ ጎረሰና፣ «በልቼ ነው የመጣሁት፤ ስልክ ላውራ» ብሎ ወጣ።

«ሁልጊዜ በልቶ ነው የሚመጣው» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «የት እንደሚበላ ነው ያላወቅኩት።»

ሳህኖቹን ወደ ኩሽና ስንወስድ በመስኮቱ የበሩ አጠገብ ያለችው የዘበኛው ቤት ትታያለች። ዘበኛው ጋሽ አሰፋ የቢታ ገነት ሰው ናቸው፤ ጨዋ ሽማግሌ። የቤታቸው በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ፣ ታምራት ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከጋሽ አሰፋ ጋር ከአንድ ሳህን ቆጮ በጎመን ይበላል። ሽማግሌው አንድ ነገር ሲያወሩለት አፉን ሞልቶ ይስቃል። እኔ ታምራት እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዘመን የለውም።

ወደ እትዬ ዘነበች ዞርኩ። የነጠላው ጫፍ አፋቸው ውስጥ ነው። የሳቁ መስሎኝ እኔም ልስቅ ስል አየኋቸው። አልሳቁም።

«ስምንት ክፍል ሠርቶ እራቱን ዘጠነኛው ውስጥ ይበላል» አሉ።

በማግስቱ ጋሽ አሰፋን ለብቻቸው አግኝቼ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም እየፈሩ፣ «እኔ ላይ እንዳይቆጡ እንጂ፣ ቤቱ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉኝ። «ጠረጴዛው ላይ ብቻውን መቀመጥ ይከብደዋል። አሁን እናትህ መጥተዋል ግባ ብለው፣ እናቴ እንግዳ ነች፣ ስትሄድ እንደገና ልለምደው ነው አለኝ።»

ይሄን ለእትዬ ዘነበች ልንገር አልንገር ስል ከረምኩ። ብነግራቸው ይቀራሉ። ባልነግራቸው ምናልባት ይመለሱልኛል። ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምላሴ ነው።

በሕማማት ሳምንት ወደ ታች ወርደው ገዢውን አስጠሩት። ሰውዬው መሐንዲስ ይዞ መጣ። እትዬ ዘነበች አሮጌ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ትክ ብለው እያዩት ዝም አሉ። እንደ ማሩ። ሰውዬው ሳቀ፣ ቀጥሎ ማለ፣ መጨረሻ ላይ ሳይጠየቅ፣ «እንሰቱን እስኪደርስ አልቆርጠውም፤ ሲደርስም እሷ ታንሳው» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

«ይሁን» አሉ።

ሰውዬው ሲወጣ አላስቻለኝም። «እውነት ሊሄዱ ነው?»

«የሞቀ ውሃው ነው ብዙዬ። ምን ልዋሽሽ።»

ለሰፈሩም ሁሉ ይሄንኑ ነገሩ። ሴቶቹ ተቀየሟቸው። «ለቧንቧ ብለው ሸጡን!» ተባለ። እሳቸው ደግሞ ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ፣ «አይ፣ ገላ ሲታጠቡበት እኮ ማር ነው!» እያሉ ያባብሱባቸዋል።

«ምነው እውነቱን ቢነግሯቸው?» አልኳቸው ለብቻቸው። «ለልጄ ብዬ ነው ቢሉ ማን ይቀየማል?»

«ዝም በይ አንቺ! እናቱ አሳዝኗት አብራው ልትበላ መጣች ከተባለ ለዚያ ልጅ ሚስት የሚሰጠው ማን ነው? ለውሃ መጣች ይበሉኝ። ውሃውም ደግሞ ውሸት አይደለም።»

ከፋሲካ በኋላ ታምራት አይሱዙ ይዞ መጣ። ዕቃቸው ብዙም አልነበረ፤ ቶሎ ተጫነ። ሴቶቹ ቂማቸውን ረስተው ተሰብስበው ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ዘነበች አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከበር ወደ በር መዞር ያዙ። ሊሰናበቱ መስሎን ነበር።

«አንቺ፣ ያ ትልቁን ድስትሽን አውሺኝ።»

«ድስት? አሁን?»

«አሁን። አንቺ ደግሞ ሰፌድሽን። ያንን ዳር ዳሩን ያጌጠውን።»

ከአንዷ ገንቦ፣ ከአንዷ አግዳሚ ወንበር፤ ጥሩምባ ነፊውን እንኳን አልማሩትም፣ ጃንጥላውን ተቀበሉት። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ሙቀጫሽን» አሉኝ።

ሙቀጫዬ የእናቴ ነው። ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ታምራት ተበሳጨ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? እዚያ ሁሉ ነገር አለ! መፍጫ ማሽን ገዝቼልሻለሁ!»

«ማሽኑ ያንተ ነው። ይሄ የብዙነሽ ነው። አንሳ!»

አነሳው፤ ጫነው። መኪናው እያጓራ አቀበቱን ወጣ። ሴቶቹ እንባቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «የሚሄድ ሰው ይሰጣል እንጂ ይዋሳል እንዴ?» አለች አንዷ።

ነገሩ የገባኝ በርበሬ የምወቅጥበት ሳምንት ሲደርስ ነው። በርበሬዬን ይዤ በባጃጅ ወደ ቦሌ ወጣሁ።

«ሙቀጫዬን ፈልጌ ነበር።»

«ገና አልጨረስኩበትም» አሉኝ። «እዚሁ ውቀጪ።»

እዚያው ወቀጥኩ። ወይዘሮ ሰብለ ድምፁን ሰምታ መጣች፤ ተራ ገብታ ወቀጠች፤ ጥፍሯ ተሰበረ፣ ሳቀች። በላብና በበርበሬ ሲያቃጥለኝ እትዬ ዘነበች ፎጣ አምጥተው ወደ መታጠቢያ ቤት ገፉኝ። እንዲህ ሆኖ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ፤ እወቅጣለሁ፤ እታጠባለሁ። ባለ ድስቷ ድስቷን ልታይ ትመጣለች፤ ባለ ሰፌዷ እዚያው ታበጥራለች። ሁላችንንም «ገና አልጨረስኩበትም» ይሉናል። ታምራት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛው ሞልቶ እየተጋፋ መብላት ለመደ፤ ጋሽ አሰፋም ከጎኑ። ሚስትም ከዚያ ቤት ሳይወጣ ነው ያገኘው፤ የባለ ድስቷን ልጅ።

እታች ያለው ቤታቸው ፈርሶ ባለ ሁለት ፎቅ መደብር ቆሟል። በርበሬ የማሰጣበትን ፀሐይ ወስዶብኛል። እንሰቱ ተራ በተራ አለቀ፤ ቀዳዳዋ ያለችበት ቦታ ዛሬ ግንብ ነው። አንዳንድ ጠዋት ረስቼ ሳህን ይዤ ግንቡ ጋ እሄዳለሁ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ታምራት ደወለልኝ። ድምፁ ደክሟል።

«እትዬ ብዙነሽ፣ እማዬ የተዋሰቻቸው ዕቃዎች አሉ። መኪና ልኬ ለየባለቤቱ ልመልስ ብዬ ነው። ከእርስዎ ሙቀጫ ልጀምር?»

አጠገቤ ባለ ሰፌዷና ሁለት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ስልኩን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። ሁሉም እኔን አዩኝ።

«ታምራት ልጄ፣ እናትህ ጨርሰውበታል?»

«እ? እትዬ ብዙነሽ፣ እማዬ እኮ...»

«ጨርሻለሁ ብለው ነግረውሃል ወይ ነው የምልህ።»

«አልነገረችኝም» አለ።

«እንግዲያው ከነበረበት እንዳታነሳው። ቅዳሜ በርበሬ ይዤ እመጣለሁ። ውሃውን አሙቀህ ጠብቀኝ።»